የንባብ ቤቱ ትኩስ ሬሳ

«መምህሮቼን ዳግመኛ ገደሉብኝ» አሉ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እንደቆሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈዋል።

ተረኛው ፖሊስ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። «ስንት ናቸው የኔታ?»

«ሰባት።»

ተረኛው ጠመንጃውን ሊያነሣ ሲሮጥ ምክትል ኢንስፔክተር ወይንእሸት ከውስጥ ወጣች። የበሬ ሌባና የወሰን ጠብ ስትመረምር ዓመታት ያሳለፈች፣ ከመድረሷ በፊት ሳቋ የሚሰማ ሴት ናት። ሰባት ሬሳ ሲባል ግን ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ለሽማግሌው ወንበር አቅርባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሬሳዎቹ የት ናቸው?»

«ንባብ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ።»

«ሰባቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ?»

«ሰባቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ልጄ ጽፋ ያስገባቻቸው ሳጥን ውስጥ። ኮምፒውተሩን ነው የምልሽ። ትናንት ሞተ፣ ተነሣ። ዛሬም ሞተ። ገዳዩንም አውቀዋለሁ፤ እሑድ ልጄን ልድርለት የነበረው ሰው ነው።»

ተረኛው ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰ። ወይንእሸትን ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት፤ ሽማግሌው እንባ ማቅረራቸውን ስታይ ግን ዋጥ አደረገችውና መለዮዋን አጥልቃ ተከተለቻቸው።

ነገሩን በመንገድ ላይ ከሥሩ ነገሯት። መሪጌታ ደብረ ወርቅ አካባቢ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው በእርጅናቸው ቢቸና የገቡ ሊቅ ናቸው። ከሰባት መምህሮቻቸው በቃል የተቀበሉት፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቅኔ ልባቸው ውስጥ አለ። እኔ ስሞት አብሮኝ ሊቀበር ነው እያሉ ሲጨነቁ፣ ንባብ ቤት የሚሉት የከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍልና አንድ ኮምፒውተር ሰጣቸው። እሳቸው ይላሉ፣ ልጃቸው ትህትና ትጽፋለች፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው። ማሽኑ ሲታመም የሚያክመው ይታያል የሚባል የሞጣ ልጅ ነው። ሊጠግን እየመጣ ትህትናን ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሽማግሌ ተላከ፣ የጥር መጨረሻ እሑድ ተቆረጠ። በዚህ ሳምንት ሰኞ ደግሞ ይታያል መጥቶ ማሽኑን ወደ አዲሱ ሲስተም ማሳደግ ጀመረላቸው፤ አፕዴት የሚሉት ነው። የቢቸና ኢንተርኔት የበጋ ምንጭ ነውና፣ ቀስ እያለ ይንጠባጠብ ብሎ ትቶት ወደ ሞጣ ተመለሰ። ሞት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ክፍሏ ጠባብና ቀዝቃዛ ናት። ግድግዳው ላይ የብራና መጻሕፍት በየቆዳ ማኅደራቸው ሆነው በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ትልቅ ባዶ ማኅደርም መደርደሪያው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ጭጭ ብሏል። ወይንእሸት ሬሳ ስትመረምር እንደለመደችው መዳፏን ሳጥኑ ላይ ጣል አደረገች፤ ወዲያውም አነሣችው።

«የኔታ፣ ይህ ሬሳ ትኩስ ነው።»

«አላልኩሽም? ገና አሁን ነው የሞተው።»

«ማን ነው መጀመሪያ ያገኘው?»

«እኔ። ምሳ ስሄድ ቆልፌ ሄድኩ፤ ስመለስ ከፍቼ ገባሁ፤ ሞቶ አገኘሁት። ትናንት ጠዋትም፣ ትናንት ምሳም፣ ዛሬ ጠዋትም እንደዚሁ ነው። ቁልፉ ከማዕተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው፤ ሌላ ቁልፍ የለም።»

«እርስዎ እያሉ ሞቶ ያውቃል?»

«እኔ ፊት አይሞትም። ያፍራል መሰለኝ።»

«ወጣ ሲሉ አያጠፉትም?»

«ድሮ አጠፋው ነበር። ያ ልጅ ‹አፕዴቱ እስኪያልቅ እንዳያጠፉት፤ ከጠፋ እንደገና ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው› አለኝ። እኔ ቃሉን አከበርኩለት። እሱ ነው ያላከበረኝ።» መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ሳጥኑን ወደ ሞጣ እንውሰደው ብሎ ጠይቆኝ፣ ሳልሞት አይሆንም ብዬው ነበር። አሁን ተስፋ ቆርጬ እንድሰጠው እዚሁ ይገድልብኛል። ስሚ ልጄ፤ ይህን ያደረገ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ሰርግ የለም። ቅዳሜ ማታ ሞጣ ሽማግሌ ልኬ እንዳትመጡ እላለሁ።»

ወይንእሸት የሁለቱን ወገን ሰዎችም የሞጣን ድግስ ስፋትም ታውቃለች። የተጣለው ጠላና የሚታረደው በሬ ሳይሆን የትህትና ፊት ታያት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉት ነገር እንዳይሆን ለራሷ እየነገረች ወጣች። ክፍሉ ተቆልፏል፤ ማሽኑ ግን ሰው ሲሠራበት የዋለ ያህል ግሏል። እንግዲህ ቁልፍ የማያስፈልገው ሰው አለ ማለት ነው።

የንባብ ቤቱ ዘበኛ ፋንታ በረንዳ ላይ ራዲዮኑን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር።

«ማንም አልገባም» አለ ሳትጠይቀው።

«ምሳ ሰዓት ከወንበርህ አልተነሣህም?»

«ዛሬ አልተነሣሁም።»

«ትናንትስ?»

ፋንታ ጫማውን አየ። «መንገድ ማዶ፣ ቢያድግልኝ ሱቅ ኳስ በድጋሚ እያሳዩ ነበር። ትንሽ ቆምኩ። ትንሽ ነው።»

«ስንት ለስንት አለቀ?»

«ሁለት ለአንድ» አለ ፋንታ ፈጥኖ፤ ከዚያ የትንሹን መጠን ራሱ እንደተናገረ ገባውና አንገቱን አቀረቀረ።

ወይንእሸት ሳቀች። «ራዲዮህ ከየት ነው መብራት የሚያገኘው?»

«ከየኔታ ክፍል፤ ከማሽኑ ጋር ከአንድ ማከፋፈያ። ስሄድም ይዘፍን ነበር፣ ስመለስም ሲዘፍን አገኘሁት። ዛሬም ምሳውን ሙሉ አላቋረጠም።»

እንግዲያው መብራቱ አልሄደም። ወይንእሸት መብራትን ከተጠርጣሪዎቿ አስወጥታ መንገዱን ተሻገረች።

ቢያድግልኝ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አለው። የእሱም ሽማግሌዎች አምና መሪጌታ ቤት ሄደው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ቢቸና ሁሉ ያውቃል። ወይንእሸት ስትገባ የመጣችበት ገብቶት ፈገግ አለ።

«ተመልሶብኛል፣ እውነት ነው። ከፋኝ፣ ጥቂት ቀን ምግብ ዘጋኝ፣ ከዚያ ራበኝና በላሁ።» ከመሳቢያው አንድ ካርድ አውጥቶ ዘረጋላት። የትህትናና የይታያል የሰርግ መጥሪያ ነው፤ ፊደሉ በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃል። «ያተምኩት እኔ ነኝ። ይህን ያህል የተጠበብኩበትን ሰርግ ላፈርስ ነው? አንድ ሰው ቢቀር እንኳ ካርዴ ይቆጨኛል።»

«ትናንት ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ዓባይ በረሃ። ከአዲስ አበባ ወረቀት ጭነን ስንመለስ ድልድዩን እንደተሻገርን ዳገቱ ላይ የመኪናችን ሞተር ግሎ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ አየር እስኪያገኝ እኛም አብረን ተጠበስን። ደውይለት።»

ደወለች። ሾፌሩ አሁንም እንደተናደደ ነው፤ የቢያድግልኝን ወረቀት ክብደት እየረገመ ሁሉንም አረጋገጠላት።

ትህትና ቤቷ ውስጥ እንሶስላ የታሰረ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የጠበቀቻት። ከሰኞ ወዲህ ሙሽራ ናትና ከቤት አልወጣችም። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ቀና ብላ ነበር የምትናገረው።

«ይታያል ከሞጣ ሆኖ ማሽኑን በኢንተርኔት ሊያጠፋው ይችላል?» አለቻት ወይንእሸት።

«ይችል ይሆናል። ግን የአባቴን ቅኔ ከሚያጠፋ እኔን ቢያጠፋ ይቀለዋል።»

«ማሽኑ ሲነሣ ከጻፍሽው ውስጥ የጎደለ ነገር አለ?»

«አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። አንድ ፊደል አልጎደለም።» ትህትና ትንሽ አሰበች። «ገድሎ ምንም የማይወስድ ሌባ ምን ዓይነት ነው፣ እትዬ?»

የትህትና እጅ ታስሯልና ወይንእሸት በልጅቷ ነጠላ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላትና «እሑድ ምን እንደምለብስ ላስብ ነው የምሄደው» አለቻት።

በማግስቱ የሞጣን መኪና ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን አልፈው፣ ግንደወይን ላይ ሻይ ጠጥተው፣ አቧራ ለብሰው ሞጣ ገቡ። ይታያል ቤት ስትደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሙሽራው ግን እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ማክሰኞ ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?» አለችው።

መልሱን የሰጡት እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው፤ ቢላዋቸውን እንደያዙ። «የት ይሆናል? ዳሱ ማገር ላይ! ሙሽራ አይሰቀልም ብዬ ስለምነው ነበር። ምሳ ቀርቦ አገር ሁሉ እያየው ዱብ አለ። ኢንስፔክተር፣ ምስክር ከፈለጉ ይቁጠሩ።» ሽንኩርት ከታፊዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ ሳቁ፤ ይታያልም ሳይወድ ሳቀ። የመሪጌታን ክስ ሲሰማ ግን ፊቱ ዳመነ።

«እኔ? ማሽኑን ወደ ሞጣ እንውሰድ ያልኩት እኮ የኔታ አብረውን እንዲኖሩ ፈልጌ ነው። ሳጥኑ ከመጣ እሳቸው ይቀራሉ? ደፍሬ ‹ከእኛ ጋር ይኑሩ› ማለት አፍሬ ነው።»

ይህን መሪጌታ አልሰሙትም። ወይንእሸት ለቅዳሜ ቋጠረችው።

እያነከሰ ወደ ጥገና ሱቁ ወሰዳት። ከቢቸናው ጋር መንታ የሆነ ኮምፒውተር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። «ይህንንም በዚያው ሰሞን ነው ያሳደግኩት። ቀንም ሌትም አልጠፋም። ስለዚህ አፕዴቱ አይደለም ኢንስፔክተር። ድርግም ብሎ የሚጠፋ ማሽን ሦስት ጠላት ነው ያለው፤ መብራት፣ ሜሞሪና ሙቀት።»

«መብራት ነፃ ወጥቷል። ፋንታ መስክሮለታል።»

«ሜሞሪውን ሰኞ አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ አሽቼ መልሻለሁ፤ ፈትኜዋለሁም። ሙቀት ደግሞ አይታሰብም። የየኔታን ክፍል አይተዋታል? በጥር ሰው ጋቢ ሳይደርብ አይቀመጥባትም።»

ወይንእሸት በሚሠራው ማሽን ዙሪያ ዞረች። እጇን ወደ ጀርባው ስታስጠጋ ሞቅ ያለ ነፋስ መዳፏን ነካው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የማራገቢያው ነፋስ ነው። አዲሱ ሲስተም እየተጫነ እያለ ማሽኑ ዕረፍት የለውም፤ ውስጡ ይግላል፣ ግለቱን በዚህ በኩል ይተነፍሰዋል።»

«ባይተነፍሰውስ?»

«ሳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ግን ለምን አይተነፍሰውም?»

ወይንእሸት ዓባይ በረሃ ላይ ኮፈኑን የከፈተው ሾፌር ትዝ አላት። ከዚያም ሌላ ነገር ትዝ አላትና ሳቋ ከሆዷ ተነሣ፤ የሱቁ ደጃፍ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩ። ይታያል ግራ ገብቶት ቆመ።

«አንተ የየኔታን ማሽን ስትጠግን ሁልጊዜ እሳቸው ከፍተው ነው የምታገኘው፣ አይደል?»

«አዎ፣ እሳቸው ቀድመው ገብተው ይጠብቁኛል።»

«በል ሱፍህን አስተኩስ» አለችውና ወደ መኪናው ሄደች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወይንእሸት ንባብ ቤት ደረሰች። ሞጣ የሚሄዱት ሽማግሌዎች ከአሁን አሁን እንላካለን እያሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ፋንታ ራዲዮኑን አጥፍቶ አፉን ከፍቶ ያያል።

«የኔታ» አለች «ገዳዩን ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ። እርስዎ በየቀኑ ምሳ ሲሄዱ የሚያደርጉትን አንዳች ሳያጎድሉ ያድርጉ፤ እኔን ግን ውስጥ ቆልፈውብኝ ይሂዱ።»

«ብቻሽን? ቢመጣብሽስ?»

«ከመጣ ደስ ይለኛል።»

መሪጌታ ኮምፒውተሩን አላጠፉም፤ አታጥፉ ተብለዋልና። መደርደሪያው ላይ ታጥፎ ወደተቀመጠው ትልቅ ማኅደር ሄዱ። ከለስላሳ የፍየል ቆዳ በገዛ እጃቸው የሰፉት ነው፤ ውስጡ የግምጃ ገበር አለው። ዘርግተው አራገፉት፣ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አለበሱት፣ ለገመዶቹ በተውላቸው ቀዳዳ ገመዶቹን አስተካከሉ፣ ጠፍሩን ከጀርባ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። በመጨረሻም ጎንበስ ብለው ቆዳውን ሳሙት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?» አለች ወይንእሸት ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ።

«መጽሐፍ ያለ ማኅደር አይቀመጥም ልጄ። ሰባት መምህር ያሉበትን ሳጥን ራቁቱን ጥዬ ምሳ ልበላ?»

ወጥተው ቆለፉ። ወይንእሸት የመሪጌታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ለስላሳ እፍ የሚል ድምፅ ነበር። እየቆየ ድምፁ ከረረ፤ መውጫ እንዳጣ ንብ ይጮህ ጀመር። መዳፏን ማኅደሩ ላይ ብታደርግ እንደ ምጣድ ዳር አቃጠላት። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ድርግም አለ፣ ጩኸቱም ጸጥ አለ። ወይንእሸት በሩን አንኳኳች።

መሪጌታ ምሳ አልበሉም ኖሮ በሩ ላይ ነበሩ፤ ወዲያው ከፈቱት። ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ተጠግተዋል።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

«የታለ? በየት ገባ?»

«የኔታ፣ እጅዎን ያምጡ።» የሽማግሌውን እጅ ይዛ ቀስ ብላ ቆዳው ላይ አሳረፈችው። መሪጌታ ቆዳውን ዳበሱት። መምህር ናቸውና ነገሩን ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ታፍኖ ነው» አሉ።

«ታፍኖ ነው። ድሮ አጥፍተው ነበር የሚያለብሱት፤ የጠፋ ማሽን አይተነፍስምና ምንም አልሆነም። በዚህ ሳምንት ግን አታጥፉ ተባሉ፤ ከነነፍሱ አለበሱት። ስለሞተ አፕዴቱ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ስለጀመረ አይጠፋም፤ ስለማይጠፋ ይታፈናል። ቅኔዎ ግን አንድ ፊደል አልተነካም።»

«ያ ልጅ ታዲያ ‹አያልብሱት› አይለኝም ነበር?» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ተስፋ ነበረች።

«ለብሶ አይቶት አያውቅም። እሱ ሲመጣ እርስዎ ቀድመው ያወልቁለታል።» ወይንእሸት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳጥኑን ወደ ሞጣ እንውሰድ ያለዎትም ሳጥኑን ፈልጎ አይደለም። እርስዎን ከእኛ ጋር ይኑሩ ማለት አፍሮ ነው። ሳጥኑ ካለበት እርስዎ አይቀሩም ብሎ ነው።»

መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጠፍሩን ፈቱት፣ ማኅደሩን አወለቁት፣ ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይንእሸት እያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ ሽማግሌው ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው ግን እውነተኛ ነበር።

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ። «ይኸው ሰባት መምህር ያስተማሩኝ ሊቅ!»

ሽማግሌዎቹ አብረዋቸው ሳቁ፤ ሞጣ መሄዳቸው ቀረና ወደየቤታቸው ሄዱ። ወይንእሸት ማታ ሪፖርቷን ስትጽፍ የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «አብዝቶ መከበር» ብላ ሞላች። አለቃዋ ምን እንደሚላት አታውቅም፤ አልጨነቃትምም።

እሑድ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከሞጣ ገባ፤ ጡሩንባው ቢቸናን አናወጣት። ሙሽራው እያነከሰ፣ ሚዜዎቹ ደግፈውት እየዘፈኑ ወደ መሪጌታ ቤት ሲቃረቡ፣ የሙሽራይቱ ወገኖች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ሊቆሙ ተሰልፈው ነበር። ከመካከላቸው ግን መሪጌታ ወጡ። ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸው ላይ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ተሸክመዋል።

ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«ይህን ያደረገ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ይቅርታ ካልጠየቀ ሰርግ የለም ብዬ ነበር» አሉ መሪጌታ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ቃሌን አላጥፍም። ልጄ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ይታያል እግሩን ረስቶ ሮጠ። ሽማግሌው ሊንበረከኩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዛቸው፤ ድንጋዩን ከአንገታቸው አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው፣ ጉልበታቸውንም ሳመ። ትህትና ከበሩ ውስጥ ሆና አፏን በእንሶስላ በቀላ እጇ ይዛለች።

«የኔታ» አለ ይታያል «ይህን ድንጋይ ለእኔ ይስጡኝ። ጎጆ ልወጣ አይደል፤ ሁለት ጉልቻ አዘጋጅቼ ሦስተኛው ጎድሎኝ ነበር። ሞጣ ሲመጡ እሱ ላይ የተሠራውን ወጥ ይበላሉ።»

«መቼ ነው የምመጣው?» አሉ መሪጌታ።

«ሳጥኑ ሲመጣ።»

«ሳጥኑማ ራቁቱን ነው ያለው» አሉ መሪጌታ፣ ሳቃቸው እየተናነቃቸው። «አፕዴቱ እስኪያልቅ ፋንታ እየጠበቀው ነው።»

ወይንእሸት ከሁሉ ቀድማ ሳቀች፤ ዘፈኑም ተነሣ። ሚዜዎቹ ድንጋዩን ከሙሽራው ሊቀበሉት ቢለምኑት እምቢ አለ፤ እንዳቀፈው እያነከሰ ወደ ትህትና ገባ።